ለቀኝ እጅ የተሰፋው ጓንት

ወይንሸት የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ከፋብሪካው በር ስትወጣ ጥጡ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ላይ ይነሰነስና ገና በአርባዎቹ ሳለች አሮጊት ያስመስላት ነበር። ቤት ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ዕድሜዋ ይመለስላታል። ከልጇ ከሣህሉ ወዲያ ግን ታጥባም አልተመለሰላትም።

ባሏ ገብረወልድ የሐዲድ ጠጋኝ ነበር። በሱማሌ ጦርነት ጊዜ የፈረሰ መስመር ሊጠግን እንደ ወጣ ቀረ፤ ሬሳውም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያላት አንድ ልጇ ሣህሉ ነው። እሱም አድጎ እዚያው ፋብሪካ ማሽን ጠራጊ ሆኖ ገባ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን ልጅ ነበር። እናቱን እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ አንቺ ይላታል፤ ድሬ ላይ አንቱታ የእንግዳ ነው። ግን ከእሷ ቃል አይወጣም። ና ካለችው ይመጣል፣ ተው ካለችው ይተዋል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

ነገሩ የሆነው ድርቁ አገሩን ባነደደው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር ሊጠራ እንደሆነ ወሬው ከቀበሌ ሾልኮ ወጥቶ በየቤቱ ገብቶ ነበር። የሣህሉ ዕድሜ ልክ ለመጠራት የደረሰ ነው። ወይንሸት ማሽኑ ፊት ቆማ ክር ስትቀጥል ሐሳቧ እዚያ ነው፤ ጣቷን ሁለት ሦስቴ ሊበላት ሲል አመለጠች።

አንድ ቀን የጠዋቱ ሽፍት ሲወጣ የፋብሪካው ስፖርት ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ ወልደ ማርያም ሠራተኛውን በር ላይ አስቁሞ ንግግር አደረገ። ከከተማው ጫፍ የሰፈሩት የኩባ ጓዶች ለፋብሪካው የቤዝቦል ዕቃ በስጦታ ሊሰጡ ነው፤ ስለዚህ ቡድን ይቋቋማል፤ የቡድኑ አባላት ፋብሪካውን ስለሚያስጠሩ በሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ይደረጋል አለ። ሌላው ሰው ያጨበጨበው እንደ ወትሮው ቶሎ ለመሄድ ነው። ወይንሸት ግን ሰው እስኪበተን ጠብቃ ተጠጋችው።

“ጓድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።”

“ስለ ሻይ ክበቡ ከሆነ ነገ።”

“ስለ ልጄ ነው። ይሄ ኳስ ውስጥ የገባ፣ ለዚህ ዙር ይቀራል?”

ወልደ ማርያም ዞር ዞር ብሎ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። “ለዚህ ዙር ይቀራል። ለሚቀጥለው እኔም ለራሴ አላውቅም።”

“ለዚህ ዙር ይበቃኛል።”

“ፈተና አለው እኮ። መራጩ ኩባዊው ነው። መወርወር፣ መቀበል፣ መምታት፤ ሦስቱን ያያል።”

“ዕቃው መቼ ነው የሚመጣው?”

“ከፋሲካ በኋላ። ዕቃው በመጣ ቀን ፈተናው ነው።”

“እስከዚያ በምን ይለማመዱ?”

“በድንጋይ” አለና ሄደ።

ማታ ሣህሉ ጓደኛውን ዘገዬን ይዞ መጣ። ዘገዬ የማሽን ዘይት ቀቢ ነው፤ እናት አባት የለውም፣ አክስቱ ዘንድ ነው የሚያድረው፣ ወሬ ሲይዝ ደግሞ የሚያስቆመው የለም። ሁለቱም ኩባውያኑ ሲጫወቱ ከሽቦው አጥር ወዲህ ቆመው ደጋግመው አይተዋል። ዘገዬ ከእሾሁ ውስጥ የለቀመውን የእነሱን ኳስ ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ነጭ ነበረች፤ አሁን ደክማ ቡናማ ሆናለች፣ በቀይ ክር የተሰፋች።

ወይንሸት አገላብጣ አየቻት። ድንጋይ አይደለችም፣ እንጨት አይደለችም። “ውስጧ ምንድነው?” አለች።

“እኔ እንጃ፤ ላስቲክ ይሆናል” አለ ዘገዬ።

ቢላዋ አመጣችና ስፌቱን ፈታችው። ዘገዬ ጮኸ፤ ያለችን እሷው ብቻ ናት አለ። ቆዳው ሲገለጥ ከሥሩ ክር ወጣ። ክሩን ሳብ ስታደርገው መጣ፣ ደግሞ መጣ፣ ቤቱን ሞላው፤ አያልቅም። መጨረሻው ላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል ላስቲክ ቀረች። ወይንሸት ክሩን በጣቶቿ መሐል አሽታ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ “ሱፍ ነው” አለች። ከዚያ ከወሬው ወዲህ ስቃ የማታውቀው ሴት ፈገግ አለች። “ይሄማ የእኔ ሥራ ነው።”

ከዚያ ቀን በኋላ ከፋብሪካው ለመጥረጊያ የሚሰጣትን ቁርጥራጭ ክር እየቀጠለች ኳስ መጠቅለል ያዘች። የመጀመሪያዋ ላላች፤ አንዴ ሲመቷት ጠፍጣፋ ሆና ቀረች። ሁለተኛዋን፣ እርጥብ ክር ጠንካራ ነው ብላ ነክራ ጠቀለለቻትና በድሬ ፀሐይ ጣሪያ ላይ አሰጣቻት። ኳሷ ድንጋይ ሆና ወረደች፤ ሣህሉ በእጁ ሲቀልባት ጣቱ አበጠ። በመጨረሻ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ መሐል አድርጋ፣ ክሩን በደረቁ፣ ጥርሷን ነክሳ እያጠበቀች ስትጠቀልል ልኩን አገኘችው። የላላችውንም አልጣለቻትም። “ይቺ ለመቀበል ትሁን፤ መጀመሪያ እጅህ አይፍራ። ጠንካራዋ በኋላ” አለችው።

ዱላውም እንዲሁ ነው። ዘገዬ የዶማ እጀታ አመጣ፤ ከበደ፤ ሣህሉ ሲያወናጭፈው ዱላው ራሱ ሣህሉን ያዞረው ጀመር። ያንን ተዉና ቀለል ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት አስላጡ። ኩባውያኑ ዐይናቸውን ለማሠልጠን በመጥረጊያ እንጨት የለስላሳ ቆርኪ ሲመቱ አይተው ነበርና ያንንም አደረጉት። ዘገዬ ቆርኪ ይወረውራል፣ ሣህሉ በቀጭኑ እንጨት ይመታል። ቆርኪ እንደ ዝንብ ነው፣ መንገዱ አይታወቅም፤ እሱን የመታ ኳስ አይስትም።

የቀረው ቆዳው ነው። ለዚያ ወይንሸት ሁለቱን ልጆች አስከትላ ከወንዙ ማዶ መጋላ ሰፈር፣ ሮብሌ ዘንድ ሄደች። ሮብሌ ጫማና የጩቤ አፎት ሰፊ ነው፤ ከገብረወልድ ጋር የድሮ ወዳጅ ነበር። ሱማሌ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎሪጥ ሲያይ፣ ለወይንሸት ለቅሶ ከመጋላ ተሻግሮ የመጣ እሱ ነው። የተፈታችውን ኳስ አየና ስፌቱን አቆመ።

“አቦ ወይኒ፣ ይሄን ማነው የበለተው?”

“እኔ ነኝ።”

“ምን አድርጎሽ ነው?”

“ኳስ ነው፣ ሮብሌ። ውስጡን ሞልቼዋለሁ፤ አንተ ልብሱን ስፋልኝ።”

የቆዳውን ሁለት ቁራጭ ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወገባቸው የቀጠነ፣ ጫፍና ጫፋቸው የሰፋ። አንዱን በአንዱ ላይ አዙሮ ገጠማቸውና፣ “ወላሂ፣ ይሄን የሠራ ሰው ሥራ አልነበረውም” አለ። ግን ወደደው። የፍየል ቆዳ ቀጭን ነው፣ ለኳሱ ይሁን፤ ለጓንቱ የጥጃ ቆዳ በሰሊጥ ዘይት አሽቼ ላለስልስ፤ መዳፉን ጥጥ እንሞላዋለን፣ ጥጡን አንቺ ታመጪያለሽ አለ። የሣህሉን እጅ ሊለካ ገመድ አነሣ።

“የትኛው እጅ ነው?” አለ።

“እንዴት የትኛው?”

“ጓንት እኮ ነው። አውራ ጣቱን ወዴት ላዙረው?”

ሣህሉ አሰበ። ከሽቦው ወዲህ ቆሞ ሲያያቸው ጓንቱ በዚህ በኩል ነበር ብሎ የራሱን ቀኝ አነሣ። ፊት ለፊት ቆሞ ላየ ሰው የኩባዊው ግራ በእሱ ቀኝ በኩል እንደሚውል ያን ሰዓት ያሰበ አልነበረም። ዘገዬ ብቻ፣ “እኔ ግን በቀኛቸው የሚወረውሩ መስሎኝ” አለ፤ አፉን ሞልቶም አልተናገረው።

“ዝም በል እስቲ” አለችው ወይንሸት። “ከሰው እጅ የመጣን ነገር በግራው የሚቀበል ምን ያለ ያልተቀጣ ነው? እኔ ሣህሉን ውሃ እንኳ በግራው ሲቀበል መትቼው ነው ያሳደግሁት።”

ሮብሌ ሳቀ። “እኛም ዘንድ ግራ እጅ የራሱ ሥራ አለው፤ ሥራውን በሴት ፊት አልናገርም። መቀበል በቀኝ ነው።” እና የሣህሉን ቀኝ እጅ ይዞ ለካ።

ስንቱ ነገር የሚወሰነው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ልምምዱ ደቻቱ ላይ ነበር። ውሃ የሌለበት ወንዝ ነው፣ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ሲወድቁ አይጎዳም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘንበል ስትል ይወርዳሉ። ወይንሸት ከሥራ ስትወጣ እዚያው ትሄዳለች፣ ሥራ ያልገባችበት ቀን ደግሞ ቀድማቸው ትገኛለች። ለመምታት ልምምድ የኳሱን ማቆሚያ ያሰበችው እሷ ናት፤ ክር የሚጠቀለልበትን ሾጣጣ የካርቶን ቀፎ አሸዋው ውስጥ በተተከለ የውሃ ቧንቧ ጫፍ ላይ ሰካችው፤ ኳሱ ቀፎው አናት ላይ ቁጭ ይላል። ወገብ ልክ ነው። “ኳሱ ቆሞልህ ያልመታህ፣ ሲመጣ አትመታውም” ትላለች። ሣህሉ መታ። መጀመሪያ ቀፎውን ይመታ ነበር፣ ኋላ ቀፎው ሳይነቃነቅ ኳሱ ብቻ ተነሥቶ ይሄድ ጀመር። ልጁ ሲመታ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ዝምታው በዱላው በኩል ይወጣል።

ሰሊጥ ሻጯ ኡባህ ግመሏን ይዛ ስታልፍ ትቆምና ታያቸዋለች። “ወይኒ፣ ልጅሽን ዱላ ታስተምሪያለሽ እንዴ?”

“ዱላ የሚያስተምሩት ሌሎች ናቸው፤ ለጦርነት ሊወስዱት ነው። እኔ ኳስ ነው የማስተምረው።”

መቀበሉም ደህና ነበር። በቀኙ ጓንት ይዞ ከላላችው ኳስ ወደ ጠንካራዋ ተሻገረ፤ ድምፁ ጧ ይላል፣ አይስትም። ችግሩ መወርወሩ ነው። ጓንቱ በቀኙ ሲሆን የሚቀረው ግራው ነው፤ ግራው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራ የማያውቅ እጅ ነው። በወንዙ ድልድይ እግር ላይ በኖራ ክብ ሠርተውለት ነበር። ከቅርብ ሲወረውር ክቡን ያገኛል፤ ራቅ ሲል ኳሱ መንገድ ላይ ይሞታል። ጓንቱ ለሣህሉ እጅ የተሰፋ ነውና የዘገዬ ትልቅ መዳፍ አይገባበትም። ዘገዬ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ አንዳንዴም በባዶ እጁ፣ ባገኘው እጅ ይቀልባል፣ በቀኙ ይወረውራል፤ ኳሱ ድልድዩ ላይ ሲያርፍ ኖራው ይራገፋል።

“እማ” አላት ሣህሉ አንድ ቀን፣ “በቀኜ ብወረውርስ?”

“ጓንቱን አውልቀህ?”

“አዎ።”

“አውልቀህ እስክትወረውር ሌላው ይሮጣል አላልከኝም? ኩባውያኑ ሲያወልቁ አይተሃል?”

“አላየሁም።”

“በል እንግዲያው። ግራህ ሰነፍ ነው እንጂ እጅ ነው። ይለምዳል።”

ሣህሉም ቃሏን ሰማ። ያን ሰሞን ከእንቅልፉ እስኪያነቃው ድረስ የግራ ትከሻው ያመው ነበር፤ እሷ ቅባት ታሸዋለች። ግራ እጁን እያሸች፣ ይህ እጅ ነው ልጄን የሚያስቀርልኝ እያለች በሆዷ ትጸልይ ነበር።

ፋሲካ አለፈ፤ ዕቃው መጣ። የፋብሪካው ሜዳ ላይ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ወረደ። መራጩ ሰፊ ደረት ያለው፣ ፂሙ ቀይ የሆነ ኩባዊ መካኒክ ነው፤ አማርኛው ከገበያ የለቀማት ጥቂት ቃል ናት። ጓድ ወልደ ማርያም ስም የሚጽፍበት ወረቀት ይዞ አጠገቡ ቆመ። ወይንሸት ከሴቶቹ ጋር በአጥሩ ጥግ ሆነች።

የመምታቱ ፈተና ቀደመ። ሣህሉ ሲመታ ኳሱ የመጋዘኑን ጣሪያ ተሻግሮ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኩባዊው ራሱን ነቀነቀ፣ “ጥሩ፣ ጥሩ” አለ። ወይንሸት የአጥሩን ሽቦ ይዛ ነበር፤ ያኔ ለቀቀችው።

ከዚያ ጓንት ታደለ። ሣህሉ የራሱን በቀኙ አጥልቆ ሲቀርብ ኩባዊው አየውና ፊቱ በራ። ግራ እጁን እያነሣ በቋንቋው የሆነ ነገር አለ፤ ለካ እነሱ ዘንድ በግራው የሚወረውር ሰው ተፈላጊ ነው። የሮብሌን ስፌት በጣቱ እየዳሰሰ ለጓደኞቹ አሳየ። ሣህሉ አፉን በጓንቱ ሸፍኖ ሳቀ። ወልደ ማርያም እርሳሱን አነሣ።

ኩባዊው በጣም ደስ ስላለው ከሁሉ ሩቅ አቆመው። ኳሱን በመሬት ለቀቀለት፤ ሣህሉ ጎንበስ ብሎ በቀኙ ቀለበው፣ ቀና አለ፣ በግራው ወረወረ። ኳሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ አቧራ ላይ ተቀመጠ። ደግሞ ለቀቀለት። ደግሞ ወረወረ፤ አሁን ወደ ጎን ሄዶ ከሰው መሐል ገባ። ሰዎች ሳቁ። ኩባዊው ተጠግቶ ትከሻውን ዳሰሰ፣ አየው፣ ከዚያ እጁን ወደ አፉ እየወሰደ በምልክት ጠየቀው፤ በየትኛው ነው የምትበላው? ሣህሉ ቀኙን ከነጓንቱ አነሣ።

ኩባዊው መሳቅ ጀምሮ ተወው። ጓንቱን ከቀኙ ቀስ ብሎ አወለቀና ከሣጥኑ የወጣውን አዲሱን በግራው አጠለቀለት። እንደገና ኳስ ለቀቀ። ግን የሰው አካል እንደ ልብስ አይገለበጥም። ኳሱ ሲመጣ የሣህሉ ቀኝ እጅ እንደ ለመደው ወጣ፣ ባዶውን፤ ኳሱ ጣቶቹን መትቶ ደረቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቆመ።

ኩባዊው ለወልደ ማርያም በእጁም በአፉም ብዙ ነገረው። አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ጥቂት ጊዜ ስጠው፣ ይህ ልጅ መቺ ነው ማለቱ ነበር። ወልደ ማርያም ወረቀቱን በጣቱ መታ። “ዝርዝሩ ዛሬ ነው የሚላከው። ዛሬ።” ከዚያ ዘገዬ ተጠራ። ዘገዬ አዲሱን ጓንት ባሳዩት እጅ አጠለቀ፣ ቀለበ፣ ወረወረ። ስሙ ተጻፈ። ሲመለስ በሣህሉ አጠገብ መሬት መሬት እያየ አለፈ።

ማታ እናትና ልጅ ራት አልበሉም። ሣህሉ ያበጡ ጣቶቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ፣ “ጥሩ ነበር እኮ፣ እማ። ጣሪያውን አሳለፍኩት” አላት። “አየሁ” አለችው እሷ።

በዚያው ሰሞን ተጠራ። ከመኪናው ላይ ሆኖ ሲሰናበታት፣ ወንፊቱን ከጣሪያ ላይ አውርጂ፣ ዝናብ ይመጣል አለ። መኪናው ሲነሣ እሷ ስለ ወንፊቱ እያሰበች ነበር።

ሮብሌ ሲሰማ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

“እጁን የለካሁት እኔ ነኝ፣ ወይኒ።”

“የመለስኩት እኔ ነኝ። ግባ።”

“የሰው ልክ እየወሰድኩ ስሰፋ ኖሬ...”

“ግባ አልኩህ፤ ፀሐይ ነው።” ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ አርብ ከሶላት ሲወጣ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር።

ቡድኑም ቡድን አልሆነም። በአገሩ የሚገጥሙት ሌላ ቡድን የለም። ከኩባውያኑ ጋር አንድ ሁለት ጊዜ ተጫውተው ተሸነፉ፣ የበዓል ቀን ዱላ ይዘው ተሰልፈው አለፉ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ዙር ዘገዬም ሌሎቹም ተጠርተው ሄዱ። ሰው ለወይንሸት፣ “አየሽ፣ ቢገባም አይቀርለትም ነበር” ይላታል፤ ሊያጽናናት ነው። የሣህሉ ዙር ወደ ናቅፋ ግንባር ተላከ። የዘገዬ ዙር ተበታተነ፤ ዘገዬ ደብረ ዘይት አንድ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ከናቅፋ በኩል መጀመሪያ ሰላምታ በሰው በሰው ይመጣ ነበር። ኋላ ቆመ። የሞተ ነው የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። መንግሥት ሳይናገር ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ ቢቻልስ እናት በምን አፏ ትጀምረዋለች። ወይንሸት ሥራዋን ትሄዳለች፣ ጥጧን ለብሳ ትመለሳለች። ኩባውያኑም ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ ሜዳቸው ላይ ፍየል ተሰማራበት።

በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ በእግሩም በባቡሩም ወደየቤቱ ጎረፈ። ወይንሸት ለገሃሬ ባቡር ጣቢያ እየሄደች የሚወርደውን ፊት ታይ ነበር። ከሚወርዱት አንዱ ዘገዬ ሆነ። አቅፎ ሳማት፤ ሲስማት ግን ዐይኖቿን አላያትም። ያኔ አወቀች፣ ግን አልጠየቀችውም፤ መርዶ በጣቢያ አይነገርም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ዘገዬና ሮብሌ ናቸው፤ ከኋላቸው የዕድሩ ሽማግሌዎች። የሣህሉ ጓድ የነበረ ቁስለኛ ደብረ ዘይት መጥቶ ሁሉንም ለዘገዬ ነግሮታል። ሣህሉ የወደቀው ገና በሄደ በዓመቱ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ። እሷ ይህን ሁሉ ጊዜ ለሞተ ልጅ ጋቢ ስትፈትል ኖራለች።

ወይንሸት አልጮኸችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠችና ዘገዬን በእጇ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳታባብለኝ መልስልኝ። ያን ዙር ቢቀር ኖሮ ይተርፍ ነበር?”

ሽማግሌዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ፣ የእግዚአብሔር ነገር ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሮብሌ ክንዱን ያዘው።

“እኔ ተርፌያለሁ፣ እማ ወይኒ” አለ ዘገዬ።

“አዎን” አለች። “ተርፈሃል።” ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ አየችው፤ ጎልማሳ ሆኗል፣ ሣህሉ ያልደረሰበት ዕድሜ። ከዚያ ለቀቀችው። “በል ተነሥና ለዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ንገር። ፀሐይዋ ሳትበረታ ይንፋ፤ ለለቅሶው ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ።”